«አክተሩ» ማን ነበር?

በጅማ መርካቶ ዙሪያ ያደግን የእኔ ዕድሜ ሰዎች «አክተር» የሚለውን ቃል የተማርነው ከቪዲዮ ቤት ነው፤ እዚያ ደግሞ ቃሉ «ተዋናይ» ማለት አልነበረም። አክተር ማለት ሃያ ሰው ብቻውን የሚደበድብ፣ ልጅቷን የሚያገባና ፊልሙ ሲያልቅ ቆሞ የሚገኝ ሰው ነበር፤ «አክተሩ አይሞትም» እያልን የምንጽናናውም በዚሁ ትርጉም ነው። የልጅቷ አባት፣ ዳኛው፣ ፖሊሱ፣ የክፉዎቹ አለቃ፣ ሻይ የሚያቀርበው ሽማግሌ፣ እነዚህ ሁሉ ለእኛ አክተር አልነበሩም። በቃ ሰዎች ነበሩ። አሁን ሳስበው ተዋናይ መሆናቸውን እስክንረሳ ድረስ ስለተጫወቱ ይህ ትልቅ ምስጋና ሊሆንላቸው ይችል ነበር፤ እኛ ግን እንደ ምስጋና አላሰብነውም። ዛሬም በከተማችን የቴአትር ክበባት ውስጥ ያለው አስተሳሰብ ያው የቪዲዮ ቤቱ ነው፤ መሪውን ቦታ ያላገኘ ሰው እንዳልተሳካለት ይቆጠራል፣ የሚጠራበት ስምም «አጃቢ» ነው። ይህን አስተሳሰብ ለመሞገት የአንድ ህንዳዊ ተዋናይ፣ የአምሪሽ ፑሪን፣ ሕይወት አነሣለሁ፤ ስህተቱን ባለፈው ወር እኔ ራሴ እንዴት እንደሠራሁትም አልደብቅም።

ቪዲዮ ቤቱ ከአንድ የጭቃ ቤት ጓሮ ላይ የተቀጠለ ክፍል ነበር። መስኮቱ በጥቁር ላስቲክ ተሸፍኗል፣ አግዳሚዎቹ ጀርባ የላቸውም፣ ቴሌቪዥኑ ከጣሪያው ሥር በተሠራ መደርደሪያ ላይ ስለተቀመጠ ሦስት ሰዓት ሙሉ አንገታችንን ሰቅለን ነበር የምናየው። ሂንዲ ይችላል የሚባል አንድ ልጅ ከፊት ተቀምጦ አንዴ በኦሮምኛ አንዴ በአማርኛ ይተረጉምልን ነበር፤ ግማሹን ከራሱ እየፈጠረ መሆኑን ብናውቅም ማንም አይከራከረውም፣ ምክንያቱም የእሱ ፈጠራ አንዳንዴ ከፊልሙ ይሻል ነበር። የጅማን ክረምት ያየ ሰው እንደሚገምተው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ከጀመረ ዘፈኑም ንግግሩም የልጁም ትርጉም ይጠፋና ሥዕል ብቻ ይቀራል። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል ሳይሸነፍ የሚመጣ አንድ ድምፅ ብቻ ነበር፤ ከደረት የሚነሣ፣ ወፍራም፣ የማይቸኩል ድምፅ። ያ ድምፅ ሲሰማ አግዳሚው ላይ የነበረው መገፋፋት ይቆማል፣ ቆሎ የሚቆረጥመውም ያቆማል።

የድምፁ ባለቤት አምሪሽ ፑሪ ነበር። ስሙን ያወቅሁት ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው፤ ለእኛ «ሞጋምቦ» ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1987 በወጣው «ሚስተር ኢንዲያ» ፊልም ላይ የተጫወተው የክፉ ሰው ስም። በዚያ ፊልም ዙፋን ላይ ተቀምጦ «ሞጋምቦ ደስ ብሎታል» የሚላትን አንዲት ዐረፍተ ነገር በሂንዲ እንዳለች ሸምድደናት፣ አስተማሪ በሌለበት ክፍለ ጊዜ ጠረጴዛ ላይ እየቆምን እንላት ነበር። የሚገርመው የዚያን ፊልም «አክተር» ስም ዛሬ ከአብሮ አደጎቼ ብጠይቅ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። ሞጋምቦን ግን ሁሉም ያውቀዋል።

ሰውየው የተወለደው በ1932 (ከዚህ በኋላ በግልጽ «ዓ.ም.» ያላልኩት ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በፑንጃብ፣ ናዋንሸህር በምትባል ከተማ ነው። ሁለቱ ታላላቅ ወንድሞቹ፣ ቻማን ፑሪና ማዳን ፑሪ፣ ከእሱ ቀድመው ፊልም ውስጥ ገብተው ስለነበር እሱም እነሱን ተከትሎ ወደ ቦምቤይ (የዛሬዋ ሙምባይ) ወረደ፤ የመጣው ደግሞ እንደማንኛውም ወጣት መሪ ተዋናይ ሊሆን ነበር። በ1954 የካሜራ ፈተና ተፈትኖ ወደቀ። ፊቱ ለመሪ ተዋናይነት ሻካራ ነው ተብሎ እንደተመለሰ ይነገራል። ያን ፊት ያየ ሰው የፈታኞቹን ምክንያት ለመገመት አይቸገርም፤ የተቆጣ ቅንድብ፣ ሲያፈጥ ከቦታቸው የሚወጡ የሚመስሉ ዓይኖች፣ ሰፊ መንጋጋ። ከሃያ ዓመት በኋላ አዘጋጆች እያፈላለጉ የሚቀጥሩት ለዚሁ ፊት ብለው እንደሚሆን ያን ቀን ማን ያውቃል?

ከፈተናው በኋላ የሆነው ነገር ነው እኔን የሚስበኝ። አምሪሽ ፑሪ ወደ አገሩ አልተመለሰም፣ በየፊልም ቤቱ ደጃፍ ሲለምንም አልኖረም፤ የሠራተኞች መንግሥታዊ ኢንሹራንስ ኮርፖሬሽን በሚባለው መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረ። ሁለት አሥርት ዓመት ገደማ እዚያው ሠራ። ሚስቱን ያገኛትም እዚያው መሥሪያ ቤት ውስጥ ሲሆን በ1957 ተጋቡ። ቀን መዝገብ ሲያገላብጥ ይውልና ሲመሽ ወደ ቴአትር ልምምድ ይሄዳል። በልምምዱ ቦታ መምህሬ የሚለው ሰው፣ አዘጋጁ ሳትያዴቭ ዱቤ፣ በዕድሜ ከእሱ ያንስ ነበር። የአርባ ዓመት ጎልማሳ ከቢሮ መልስ በታናሹ እየታረመ ቃለ ተውኔት ሲደጋግም ማሰብ ለእኛ አገር ሰው ትንሽ ይከብዳል፤ ዕድሜ በሚከበርበት ባህል ውስጥ ታናሽ ታላቁን «እንደገና በል፣ አላመንኩህም» ማለቱ ነውር የሚመስልበት ጊዜ አለ። ፑሪ ግን በዚሁ መንገድ ሄዶ የህንድን ከፍተኛ የመድረክ ሽልማት፣ የሳንጊት ናታክ አካዳሚን፣ በ1979 ተቀበለ። ያኔ የፊልም ተመልካቹ ሕዝብ ገና በደንብ አያውቀውም ነበር።

እነዚያን የቢሮ ዓመታት እንደባከነ ጊዜ የሚቆጥሩ አሉ፣ «ዕድሉ ዘግይቶበት» የሚሉ። አልስማማም። የገጸ ባሕርይ ተዋናይ የሚባለው፣ ማለትም መልኩንና ጀግንነቱን ሳይሆን የአንድን ዓይነት ሰው አካሄድ፣ አነጋገርና የእጅ አጣል ይዞ የሚመጣው ተዋናይ፣ ዕቃውን የሚሰበስበው ከሰው መሀል ነው። የመድን ጉዳይ የሚያስፈጽም መሥሪያ ቤት ደግሞ ለዚህ የሚስማማ ቦታ ነው፤ የታመመ ሠራተኛ፣ ባሏ የሞተባት ሴት፣ ፊርማውን ለማድረግ የሚያንገላታ አለቃ፣ ነገ ና የሚል ባልደረባ፣ እነዚህ ሁሉ በየቀኑ በአንድ ጠረጴዛ ፊት ያልፋሉ። ሥልጣን እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ጥያቄ ያለው ሰው ባርኔጣውን እንዴት እንደሚይዝ በሃያ ዓመት ውስጥ ያላየ ጸሐፊ ቢኖር ዓይኑን ጨፍኖ የሠራ ብቻ ነው።

ይህን የተረዳሁት «ማንታን» የተባለውን የ1976 ፊልም ካየሁ በኋላ ነው። የሽያም ቤኔጋል ሥራ ነው፤ የጉጃራት 500,000 ገበሬዎች እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ሩፒ አዋጥተው ያሠሩት በመሆኑ በዓለም ሲኒማ ታሪክ ልዩ ቦታ አለው። ታሪኩ የወተት አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሲቋቋም የሚነሣው ጠብ ነው። ፑሪ የሚጫወተው ሚሽራ የሚባለውን፣ እስከዚያ ጊዜ ድረስ የመንደሩን ወተት በርካሽ ሲሰበስብ የኖረውን የግል ነጋዴ ነው። እንደ ሞጋምቦ ዙፋን የለውም፣ ጠባቂ ወታደር የለውም፣ አይጮኽም። ገበሬዎቹን የሚያናግረው እንደሚያስብላቸው ዘመድ ነው። ፊልሙን ያየሁት እዚሁ ጅማ፣ አንድ ወዳጄ ኮምፒዩተር ላይ ሲሆን አጠገቤ የነበረው የማና ወረዳ ሰው ገና ሚሽራ ብቅ እንዳለ «ይህንን ሰውዬማ አውቀዋለሁ!» ብሎ ሣቀ።

እኔም አውቀዋለሁ። በቡና አካባቢ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። እሸት ቡና ለቀማ ሲጀመር መንገድ ዳር ሚዛኑን ሰቅሎ የሚቆም ሰብሳቢ አለ፤ ስለ ልጆችህ ትምህርት ይጠይቃል፣ እናትህ ከታመመች ያውቃል፣ ባለፈው ዓመት ያበደረህን ገንዘብ ስም አይጠራም። ፈረሱላውን ሲሞላ ግን አውራ ጣቱ ከጆንያው ጠርዝ ጋር ትነካካለች፣ ዓይኑ ደግሞ በዚያች ቅጽበት ሚዛኑን ትቶ አንተን ያያል። የፑሪ ሚሽራም እንዲሁ ነው፤ ጉዳቱ በሚደርስበት ሰዓት ፊቱ ላይ የሚታየው ደግነት ነው። ይህን በመልክ ወይም በጡንቻ ማምጣት አይቻልም። መሪ ተዋናዩ ማኅበሩን ለማቋቋም የመጣው የተማረ ሰው ስለሆነ የምንደግፈው እሱን ነው፤ ነገር ግን ማኅበሩ ለምን እንዳስፈለገ የሚገባን ከሚሽራ ፊት ነው። ጠላቱ ቀላል ከሆነ የጀግናው ድካም ትርጉም የለውም።

ከዚያ በኋላ ያለው ዝነኛው ክፍል ስለሆነ ፈጠን ብዬ አልፈዋለሁ። ከ1980 ጀምሮ የሂንዲ ፊልም ዋና ክፉ ሰው ሆነ፣ ያኔ ዕድሜው 48 ነበር። በ1982 በ«ጋንዲ» ፊልም ላይ የደቡብ አፍሪካውን ነጋዴ ካንን ተጫወተ፤ በ1984 ደግሞ ስቲቨን ስፒልበርግ የ«ኢንዲያና ጆንስ» ሁለተኛ ክፍል ላይ ሞላ ራም የተባለውን አረመኔ ቄስ አድርጎ ሠራው። ለዚህ ሲል ራሱን ተላጨ፤ መላጣው ለሌሎችም ገጸ ባሕርያት የሚስማማ ሆኖ ስላገኘው በዚያው ቀጠለ። በሂንዲ ብቻ ሳይወሰን በታሚል፣ በቴሉጉ፣ በካንናዳ፣ በማላያላም፣ በማራቲና በፑንጃቢ ቋንቋዎችም በድምሩ ከ400 በላይ ፊልሞች ላይ ሠርቷል፣ የፊልምፌርን የምርጥ ረዳት ተዋናይ ሽልማት ሦስት ጊዜ ወስዷል። ሽልማቱ ራሱ «ረዳት» ይለዋል እንግዲህ።

ክፉ ሰው ሆኖ ብቻ የሚያስታውሰው ካለ ግን በ1995 የወጣውን «ዲልዋሌ ዱልሃኒያ ሌ ጃዬንጌ»ን ይመልከት። እዚያ ላይ ለንደን ውስጥ የሚኖር ኮስታራ የፑንጃብ አባት ነው። በመጨረሻው ትዕይንት ባቡሩ መንቀሳቀስ ጀምሯል፣ አክተራችን በሩ ላይ ቆሞ እጁን ዘርግቷል፣ ልጅቷ እየጮኸች ትታገላለች፣ አባት የእጇን አንጓ አጥብቆ ይዟል። ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ሁላችንም የምናየው ያን እጅ ነበር። ሲለቃት፣ ሂጂ ሲላት፣ አንድ ሙሉ አግዳሚ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ሦስት ሰዓት ሙሉ የተሠራ የፍቅር ታሪክ ዕጣው የተቆረጠው በአንድ የስልሳ ሦስት ዓመት ሰው አምስት ጣቶች ነው፤ እኛ ግን ወጥተን ስናወራ «አክተሩ ወሰዳት» አልን። አልወሰዳትም። ተሰጠችው።

አምሪሽ ፑሪ በጥር 2005፣ በ72 ዓመቱ ሙምባይ ውስጥ ሞተ።

የእኛም መድረክ ከዚህ ዓይነት ሰው ባዶ አልነበረም። አባባ ተስፋዬ፣ ማለትም ተስፋዬ ሣህሉ፣ ለአብዛኞቻችን የቴሌቪዥን ተረት አባት ናቸው፤ ነገር ግን ሴት መድረክ ላይ መውጣት ባልተለመደበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርያትን ሆነው የተጫወቱት እሳቸው እንደነበሩ የሚያስታውስ ትንሽ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በመድረክ ታላላቅ መሪ ገጸ ባሕርያትን ተጫውቷል፤ ሆኖም አገሩ በሙሉ ያወቀው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ነው፣ በአንድ ጉሮሮ ሽማግሌውንም ወይዘሮዋንም ተማሪውንም መነኩሴውንም ሆኖ። መልክ በማይታይበት በሬዲዮ ላይ የአንድ ተዋናይ ስም እንዲህ መተከሉ ብዙ የሚነግረን ነገር ያለ ይመስለኛል። ዛሬ የውጭ ድራማ ወደ አማርኛ የሚመልሱ ጣቢያዎች ውስጥ ድምፃቸውን የሚያውሱ ልጆችም በዚያው መስመር ላይ ናቸው፤ እናቶቻችን በየምሽቱ ይሰሟቸዋል፣ መንገድ ላይ ቢያገኟቸው ግን አያውቋቸውም።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። በትርፍ ጊዜዬ በከተማችን ካሉት የወጣቶች የቴአትር ክበባት አንዱን እረዳለሁ፤ ስሙን አልጠራም፣ ምክንያቱም ጥፋቱ ከማንም በፊት የእኔ ነው። ባለፈው ወር ለአዲስ ተውኔት ተዋናዮች ስንመርጥ ሠላሳ የሚሆኑ ወጣቶች መጡ። ከሃያ ስምንቱ በላይ የሚሆኑት ለየትኛው ገጸ ባሕርይ እንደመጡ ሲጠየቁ የመሪውን ስም ጠሩ። ከእነሱ መሀል አንድ አርባዎቹን ያጋመሰ ሰው ነበር፤ ቡና መጋዘን ውስጥ ሚዛን ላይ እንደሚሠራ ተናገረ። ወረቀቱ ላይ ያለውን ቃለ ተውኔት ሲያነብ ተርበተበተ፣ ዓይኑን ከጽሑፉ አላነሣም፣ ድምፁም አልወጣም። አዘጋጁ ወጣት በትሕትና «ጋሼ፣ እንደውልልዎታለን» አለው። ሰውየው አመስግኖ ሊወጣ ሲል መንገዱ ላይ የነበረውን በርጩማ አንሥቶ ወደ ግድግዳው አስጠጋ፤ ከማስቀመጡ በፊት ግን አንድ ጊዜ ከፍ ዝቅ አደረገውና ለራሱ ያህል «አምስት ኪሎ ከግማሽ» አለ። ልጆቹ ሣቁ። እኔም ሣቅሁ፣ በያዝኩት ዝርዝር ላይ ከስሙ ፊት ለፊት «ዕድሜ፣ አይሆንም» ብዬ ጻፍኩ።

ሦስት ቀን ያህል ያቺ «አምስት ኪሎ ከግማሽ» ከጆሮዬ አልጠፋችም። ተውኔታችን ስለ ቡና ዋጋና ስለ አንድ ቤተሰብ ዕዳ ሲሆን በውስጡ አንድ ቡና ሰብሳቢ አለ፤ የሚናገረው አሥራ አራት ጊዜ ብቻ ነው። ለዚህ ቦታ የመረጥነው የሃያ ሁለት ዓመት ተማሪ በልምምድ ላይ ሲቆጣ ደህና ነው፣ ሲጮኽ ደህና ነው፣ ጆንያ ሲያነሣ ግን ጆንያው ባዶ መሆኑ ይታያል። ጢም ለጥፈንለታል። ይባስ ብሎ ልጁ ቦታው ስላነሰበት በየልምምዱ አንድ አንድ ዐረፍተ ነገር እየጨመረ አሁን ሃያ አድርሶታል።

ለዚህ የሚሰጠኝን መልስ አውቀዋለሁ፤ «ተመልካች ገንዘቡን የሚከፍለው ፊት ለማየት ነው፣ ፖስተር ላይ የሚዛን ሠራተኛ ለጥፈህ ማን ሊመጣልህ ነው?» ይሉኛል። ፖስተሩ ላይ መልከ መልካሙ ይለጠፍ፣ አልቃወምም። የምቃወመው ፖስተሩ ላይ ለማይወጣው ቦታ ሰው ስንመርጥም በፖስተር ዓይን ማየታችንን ነው። ሌላውና የሚከብደው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። የፑሪን ታሪክ ለእኛ ሰው ስንነግር «አንተም ሃያ ዓመት ታገሥ» የምንል ከሆነ ግፍ ነው፤ እሱ በሃያው ዓመት ውስጥ ደመወዝ ነበረው፣ የሚሠራውም ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ነበር። እኛ ዘንድ ግን ፍቃዱ ተክለማርያምን የሚያህል ተዋናይ እንኳ በ2010 ዓ.ም. በኩላሊት ሕመም ከመሞቱ በፊት ለሕክምናው ገንዘብ ከሕዝብ ሲሰበሰብ አይተናል። መሪው እንዲህ ከሆነ አጃቢው ምን ይሁን? ስለዚህ ማንም ሰው የሚዛን ሥራውን ትቶ ወደ ቴአትር ይምጣ አልልም። የምለው ቴአትሩ ሰውየው ከሥራው ሲወጣ ይጠብቀው ነው። የክበባችን ልምምድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት የሚጀምረው ተማሪዎቹ እንዲመቻቸው ነው፤ በዚያ ሰዓት ነጋዴው ሱቁ፣ ነርሷ ተራዋ ላይ፣ ጸሐፊው ጠረጴዛው ላይ ነው። ይህ ሰዓት ሳናውቀው ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ያለውን የጅማ ነዋሪ በሙሉ ከመድረክ አስወጥቶታል። አባት፣ ዳኛ፣ ሐጂ፣ ቄስ፣ ደላላ፣ አማት የሚሆኑልን ሰዎች የሉንም፤ ያሉን ጢም የተለጠፈባቸው ልጆች ብቻ ናቸው። ጎበዞቹ ደግሞ ሁለት ተውኔት እንደሠሩ 350 ኪሎ ሜትር ተጉዘው አዲስ አበባ «አክተር» ሊሆኑ ይሄዳሉ፣ እዚያም የሚጠብቃቸው እንደነሱ ያለ መልከ መልካም ሰልፈኛ ነው።

ባለፈው ሰኞ ወደ መጋዘኑ ሄድኩ። ሰውየው ሚዛኑ አጠገብ ቆሞ ቁጥር እየጠራ ነበር፣ ሌላው ይጽፋል። ሲያየኝ አወቀኝ፣ ግን ሥራውን አላቋረጠም፤ ሦስት ጆንያ እስኪያልፍ ቆሜ ጠበቅሁት። እያንዳንዱ ጆንያ ሲመጣ ቁጥሩን ከማየቱ በፊት በእግሩ ጫፍ ነካ ያደርገው ነበር። ከዚያ እጁን በሱሪው ጠርጎ መጣና ጨበጠኝ። ይቅርታ ልጠይቀው ያዘጋጀሁትን ንግግር እንዳሰብኩት አልተናገርኩትም፤ የሰብሳቢውን ክፍል የያዘችውን ወረቀት አውጥቼ ሰጠሁት፣ አሥራ አራቱን ብቻ፣ ልጁ የጨመራቸው ስድስቱ የሌሉባትን። ቆሞ በልቡ አነበባትና ወደ እኔ መለሳት።

«እንዲህ ብሎ አይናገርም» አለኝ። «ዋጋ ወርዷል ብሎ አይጀምርም። መጀመሪያ ዝናቡን ያነሣል።»

ቀጥሎ የጠየቀኝ ልምምዱ ስንት ሰዓት እንደሆነ ነው።